ተመልሰው የመጡት የእንግሊዝኛ አሳይመንቶች

ከአንደኛ ክፍል እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል እንግሊዝኛ ያልተማርሁበት ዓመት የለም። ዩኒቨርሲቲ ስገባ ግን ከራሴ አስቤ በእንግሊዝኛ አንድ ሙሉ ገጽ ጽፌ አላውቅም ነበር። በዶርማችን ከቡሬ፣ ከጅማ፣ ከሶዶና ከደሴ የመጣን ልጆች አብረን እንኖር ነበር፤ የተማርንባቸው ትምህርት ቤቶችም ሆኑ ቋንቋዎች የተለያዩ ቢሆኑም በዚህ በኩል ሁላችንም እኩል ነበርን። ስለዚህ ከዚህ በታች የምጽፈው ስለ አንድ ኮርስ ቢሆንም፣ የአንድ ተማሪን ጉዳይ ብቻ እንደማልጽፍ አምናለሁ።

የቤት ሥራ አጥተን አይደለም። የአሥረኛ ክፍል የእንግሊዝኛ ደብተሬ ዛሬም እናቴ ቤት አለ፤ ከዳር እስከ ዳር የተሞላ ነው። ባዶ ቦታ ሙሉ፣ ከ«ሀ» ረድፍ ወደ «ለ» ረድፍ አዛምዱ፣ በቅንፍ ውስጥ ያለውን ግሥ ወደ ትክክለኛው ጊዜ ለውጡ፣ ቀጥተኛውን ንግግር ወደ ተዘዋዋሪ አምጡ ይላል። በየገጹ ግርጌ የመምህሩ ቀይ ራይትና ፊርማ፣ ከሥሩም ቀኑ አለ። መምህሩ ደብተራችንን ለማየት የሚደክሙ ሰው ነበሩ፤ ፊርማቸው ያልጎበኘው ገጽ የለም። ነገር ግን በዚያ ሁሉ ገጽ ላይ ከእኔ የወጣ አንድ ዓረፍተ ነገር ፈልጌ አላገኘሁም። ዓረፍተ ነገሮቹ ሁሉ የመጽሐፉ ናቸው፤ የእኔ ድርሻ አንድ ቃል መጨመር ወይም መለወጥ ነበር።

ይህ የሆነበት ምክንያት ግልጽ ይመስለኛል። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ምርጫ ነው፤ እንግሊዝኛም እንዲሁ ምርጫ ነው። የጽሕፈት ችሎታ እንኳ የሚለካው በምርጫ ነው፦ የተዘበራረቁ ዓረፍተ ነገሮች ይሰጡና ትክክለኛው ቅደም ተከተል የትኛው እንደሆነ ይጠየቃል፤ ተፈታኙ ከአራቱ አንዱን ይመርጣል። አንድ ተማሪ አንቀጽ ሳይጽፍ ስለ አንቀጽ አጻጻፍ ሙሉ ነጥብ ማግኘት ይችላል ማለት ነው። ፈተናው ያልጠየቀውን ደግሞ ትምህርት ቤት አያስተምርም፤ መምህሩ ቢፈልግም ተማሪውና ወላጁ «ይሄ ፈተና ላይ ይመጣል?» ብለው ይጠይቁታል። የ2014 ዓ.ም. ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ተሰጥቶ ከተፈታኞቹ መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ነጥብ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው ሲገለጽ አገሩ ሁሉ ደነገጠ፤ በማግሥቱም ዓመት ውጤቱ 3.2 በመቶ ነበር። ስለ ኩረጃ ብዙ ተባለ፤ መባሉም ተገቢ ነበር። ያን ያህል ያልተነገረለት ነገር ቢኖር፣ የፊዚክሱንም የባዮሎጂውንም ጥያቄ በእንግሊዝኛ የሚያነበው ተፈታኝ በዚያ ቋንቋ የራሱን ሐሳብ አቀናብሮ የማያውቅ መሆኑ ነው። አንድን ነገር በራሱ ቃላት ማስረዳት ያልለመደ ሰው በሌላ ሰው ቃላት የተጻፈውን ረጅም ጥያቄ እስከ መጨረሻው ይዞ መዝለቅ ይከብደዋል። ይህን የምለው ከራሴም ከጓደኞቼም አይቼ ነው።

ታላቅ እህቴ ደግሞ የፕላዝማ ዘመን ተማሪ ናት። በ1997 ዓ.ም. ገደማ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የሳተላይት ትምህርት ሲጀመር በየክፍሉ ትልቅ የቴሌቪዥን መስኮት ተተከለ፤ ትምህርቱም በእንግሊዝኛ ይፈስ ጀመር። እርሷ እንደምትነግረኝ፣ መስኮቱ ውስጥ ያለችው አስተማሪ ጥያቄ ትጠይቅና ለጥቂት ሰኮንዶች ዝም ትላለች፤ ክፍሉም ዝም ይላል፤ ከዚያ ሴትዮዋ መልሱን ራሷ ትናገርና «ጎበዞች!» ብላ ታልፋለች። ተማሪው ቢመልስ ባይመልስ፣ ቢሳሳት ባይሳሳት፣ የሚሰማው ወገን አልነበረም። እህቴ ይህን በምሬት አታወራውም፤ እኔ ግን እንግሊዝኛን እንዴት እንደተማርን ሳስብ ከሁሉ አስቀድሞ የሚታወሰኝ ይህ ነው። ጥያቄው ይመጣል፣ መልሱም ይመጣል፤ በመካከል ያለው ልጅ የሚለው ነገር ግን የትም አይደርስም።

የመጀመሪያ ዓመት የጋራ ኮርሶች ወደ ዩኒቨርሲቲ ከተመለሱ ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ማንኛውም ፍሬሽ ተማሪ፣ የተፈጥሮ ሳይንስም ይሁን የማኅበራዊ ሳይንስ፣ የእንግሊዝኛ ክህሎት ኮርስ ይወስዳል። የእኛ ሴክሽን ከ50 በላይ ተማሪ ነበረበት። በሌሎቹ ኮርሶች አሳይመንት ማለት ብዙውን ጊዜ የግሩፕ አሳይመንት ነው፤ አሠራሩን በዩኒቨርሲቲ ያለፈ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። አንድ ወይም ሁለት ልጆች ይሠሩታል፣ የሌሎቹ ስምና መታወቂያ ቁጥር በሽፋኑ ላይ ይሰፍራል፣ ከግቢው በር ፊት ለፊት ካለው ፎቶ ኮፒ ቤት ታትሞና ተጠርዞ በቀኑ ይገባል። ከዚያ በኋላ ያንን ወረቀት ያየው ሰው የለም። በሴሚስተሩ መጨረሻ በሴክሽኑ የቴሌግራም ግሩፕ ከ10 ወይም ከ15 የታሰበ ቁጥር ይለጠፋል፤ ቁጥሩ ለምን ሰባት እንደሆነ፣ ለምን ዘጠኝ እንዳልሆነ የሚያውቅ ተማሪ የለም። የሚጠይቅም የለም፤ ምክንያቱም ከቁጥሩ በቀር ከአሳይመንቱ የምንጠብቀው ነገር እንዳለ ማንም ነግሮን አያውቅም።

የእንግሊዝኛ መምህራችን አሠራር ከዚህ የተለየ ነበር። አሳይመንቱን ለየብቻ በእጅ ጽሑፍ ያስጽፉናል፣ ይሰበስባሉ፣ ከአንድ ሳምንት ወይም ከዚያ ትንሽ በሚበልጥ ጊዜ ውስጥ አስተያየት ጽፈውበት ይመልሳሉ፤ ነጥብ ግን አይሰጡም። ነጥብ የሚሰጠው እንደገና ተጽፎ ለሚገባው ረቂቅ ብቻ ነው፣ ያም የፊተኛው ወረቀት አብሮት ተያይዞ ሲቀርብ። በመጀመሪያው ረቂቅ ላይ የሰዋስው ስህተት አያሰምሩም፤ ሐሳቡን ብቻ ያነቡታል። ሰዋስው የሚታየው በሁለተኛው ላይ ነው፣ እሱም በአንድ ጊዜ አንድ ዓይነት ስህተት ብቻ ተመርጦ። መጀመሪያ ይህ አሠራር ብዙዎቻችንን አስጨንቆን ነበር። ቀይ ቀለም የሌለበት ወረቀት ስለማናውቅ፣ «ታዲያ ትክክል ነው ማለት ነው?» እያልን እርስ በርሳችን እንጠያየቅ ነበር።

የመጀመሪያው ሥራ አንድ ነገር እንዴት እንደሚሠራ ደረጃ በደረጃ የሚያስረዳ ጽሑፍ ነበር። ርዕሱን እኛው እንድንመርጥ ተፈቀደልን፤ አብዛኛው ልጅ ከስልኩ ላይ ኢሜይል እንዴት እንደሚከፈት ጻፈ። እኔ ግን በርበሬ መረጥሁ። የቡሬ ልጅ ነኝ፤ በርበሬ ሲሰጣና ሲፈጭ እያየሁ ነው ያደግሁት፤ በሕይወቴ ያለ መጽሐፍ ከማውቃቸው ነገሮች ሁሉ ይህን የሚያህል አላገኘሁም። ዛላው ይቀነጠሳል፣ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፣ በሙቀጫ ሸከሸክ ተደርጎ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከዝንጅብልና ከበሶብላ ጋር ይደለዛል፣ ታምቆ ያድራል፣ እንደገና ይሰጣል፣ ከዚያም ኮረሪማው፣ ጥቁርና ነጭ አዝሙዱ፣ ድንብላሉ ታምሶ ተጨምሮበት ወፍጮ ቤት ይሄዳል። ይህን ሁሉ በእንግሊዝኛ ጻፍሁትና አስገባሁ። ደስም ብሎኝ ነበር።

ወረቀቱ ሲመለስ በኅዳጉ ላይ በእርሳስ የተጻፉ ጥያቄዎች ነበሩበት። «ለምን ያህል ጊዜ ይሰጣል?» ይላል አንዱ። «መድረቁ በምን ይታወቃል?» ይላል ሌላው። ሦስተኛው «ታምቆ ባያድር ምን ይሆናል?» የሚል ነበር። ከታች ደግሞ፣ «በርበሬ አይቶ የማያውቅ ሰው ይህን አንብቦ መሥራት እንዲችል አድርገሽ ጻፊው» ተብሎ ነበር። እኔ እስከዚያች ሰዓት ድረስ የጻፍሁት በርበሬውን ለሚያውቅ ሰው እንደነበረ አላስተዋልሁም፤ ከዚህም በላይ ግን ለጥያቄዎቹ መልስ አልነበረኝም። ሲሠራ አይቻለሁ እንጂ ለምን እንደሚሠራ ጠይቄ አላውቅም።

ማታ እናቴ ዘንድ ደወልሁ። «እማዬ፣ በርበሬው ደረቀ የምትይው በምን አውቀሽ ነው?» አልኋት።

«ምነው ልጄ፣ በርበሬ አነሰሽ እንዴ? ልላክልሽ?» አለችኝ።

«ኧረ አላነሰኝም፤ ለትምህርት ነው።»

ትንሽ ዝም ካለች በኋላ እንዲህ አለችኝ፦ «ዛላውን አንሥተሽ ስትነቀንቂው ፍሬው ውስጡ መንሿሿት አለበት። ደግሞ በእጅሽ ጨብጪው፤ ካልተሰባበረና ከተጣጠፈ ገና ነው። ፀሐዩ ጠንካራ ሲሆን ቶሎ ይደርሳል፣ ደመና ከሆነ ይቆያል፤ በቀን አይቆጠርም። እርጥበት እያለው ካስፈጨሽው ይሻግታል፣ ያ ደግሞ ቤቱን በሙሉ ነው የሚያበላሸው።» ታምቆ የሚያድረውም የሽንኩርቱና የዝንጅብሉ ጠረን እንዲገባው እንደሆነ ነገረችኝ። ከዚያ ወዲያ እኔ አንድ ስጠይቅ እርሷ ሦስት እየመለሰች እስከ ወፍጮ ቤቱ ድረስ አብረን ሄድን፤ ወፍጮው ቡና ወይም ሽምብራ ከፈጨበት በኋላ መጀመሪያ በጨው መጠረግ እንዳለበት ሳይቀር።

ሁለተኛው ረቂቅ ከመጀመሪያው እጥፍ ያህል ረዘመ። «እስኪደርቅ ድረስ ይሰጣል» ይል የነበረው ዓረፍተ ነገር፣ ዛላው ሲነቀነቅ ፍሬው እስኪንሿሿና ሲጨበጥ እስኪሰባበር ድረስ እንደሚሰጣ፣ ይህም እንደ ፀሐዩ ብርታት እንደሚለያይ የሚናገር ሆነ። ይህን ለመጻፍ ሁኔታን ከውጤት ጋር የሚያያይዙ ዓረፍተ ነገሮች አስፈለጉኝ፤ ባለፉት ዓመታት በቁጥር አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እየተባሉ በቃል ያጠናናቸው እነዚያው ናቸው። በተለይ የገረመኝ ግን ተገብሮው ግሥ ነበር። ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ «አበበ አንበሳ ገደለ» የሚለውን «አንበሳ በአበበ ተገደለ» ወደሚለው ስንለውጥ ኖረናል፤ ሰው ለምን እንዲህ ብሎ መናገር እንደሚፈልግ ግን አንድም ቀን አልገባኝም ነበር። በርበሬውን ስጽፍ ገባኝ። ዛላውን የምትቀነጥሰው እናቴ ትሁን ጎረቤት ጉዳዩ አይደለም፤ ጉዳዩ ዛላው ምን እንደሚደረግ ነው። ስለዚህ አድራጊው ከዓረፍተ ነገሩ ወጥቶ በርበሬው ፊት ይሆናል። ይህን የነገረኝ ሰው የለም፤ የጽሑፉ ፍላጎት ራሱ ወደዚያ መራኝ። የሰዋስው ትምህርት ሁሉ እንዲህ ከሚያስፈልግበት ቦታ ቢጀመር፣ የተማርነውን ለማወቅ ይህን ያህል ዓመት ባልፈጀብን ነበር ብዬ አስባለሁ።

ዛሬ የእጽዋት ሳይንስ ተማሪ ነኝ፤ በእርጥበት የሚሻግት በርበሬ ላይ አስፐርጊለስ የሚባለው ሻጋታ እንደሚያድግና አፍላቶክሲን የተባለውን መርዝ እንደሚያመነጭ በዲፓርትመንቴ ተምሬአለሁ። እናቴ «ቤቱን በሙሉ ያበላሻል» ያለችው ይህን ነው። ነገር ግን «መድረቁ በምን ይታወቃል?» የሚለውን ጥያቄ መጀመሪያ የጠየቀኝ የሳይንስ መምህር አይደለም፤ የእንግሊዝኛ መምህሬ ናቸው። በላብራቶሪ ሪፖርት ላይ ናሙናው እስኪደርቅ ድረስ ቆየ ብዬ ስጽፍ እጄ የሚቆመው ከዚያ የተነሣ ነው።

ይህ አሠራር መምህራችንን ምን ያህል እንደሚያደክማቸው ያሰብሁት በኋላ ነው። እያንዳንዳቸው 50 ተማሪ ያላቸውን ሦስት ሴክሽኖች የሚያስተምር ሰው፣ ለአንዲት የአንድ ገጽ አሳይመንት ሁለት ረቂቅ ላንብብ ቢል 300 ገጽ ነው፤ ይህም በየገጹ የሚጻፈውን አስተያየት ሳይቆጥር። ሌሎቹ መምህራን የግሩፕ አሳይመንት የሚሰጡት ከስንፍና ነው ብዬ ለመናገር የማልደፍረው ስለዚህ ነው። መምህራችን ያደረጉት ብልሃት ቁጥሩን መቀነስ ነበር፤ በሴሚስተሩ ውስጥ የሰጡን የጽሑፍ ሥራ ከሌሎቹ ሴክሽኖች በጣም ያነሰ ነው። አንዳንድ ልጆች ይህን እንደ ድክመት ቆጥረው «የእነ እገሌ ሴክሽን ብዙ እየተማረ ነው፣ እኛ አንድ ነገር ላይ ቆመናል» ይሉ ነበር። እኔ ግን ምረጪ ብባል ቅንጣት ታህል ሳላመነታ ከብዙዎቹ ያልተመለሱ ይልቅ ጥቂቶቹን የተመለሱትን እመርጣለሁ። ተማሪ የሚማረው ጽፎ ባስረከበበት ሰዓት ሳይሆን የጻፈውን ሌላ ሰው እንዴት እንዳነበበው ባየበት ሰዓት ነው።

ስለ ስልካችንም መናገር አለብኝ። አሁን ማንኛውም ተማሪ የአሳይመንቱን ጥያቄ ለቻት ጂፒቲ ቢሰጠው በአንድ ደቂቃ ውስጥ ስህተት የሌለበት ገጽ ያገኛል፤ ይህንንም የሚያደርጉ ብዙ ናቸው። ልፈርድባቸው አልፈልግም። አሳይመንት ማለት ገብቶ የሚቀር፣ ቁጥር ብቻ የሚያስገኝ ወረቀት ከሆነ፣ ቁጥሩን በአጭሩ መንገድ መፈለግ የሚጠበቅ ነው። በእኛ ክፍል ግን ይህ ብዙም አልሠራም፤ የመጀመሪያውን ረቂቅ በእጅ መጻፋችን አንድ ነገር ነው፣ ዋናው ግን በኅዳጉ ላይ የሚመጡት ጥያቄዎች ለአንድ ለተለየ ሰው የተጻፉ መሆናቸው ነበር። የቡሬ በርበሬ መድረቁን እናቴ በምን እንደምታውቅ ማሽኑ ሊነግረኝ አይችልም። ጥያቄው እንዲህ ሲሆን አቋራጭ መንገዱ ራሱ ይጠፋል።

በመካከሉ የአንድ ጽሑፍ ማጠቃለያ፣ አንድ ደብዳቤና አንድ የቃል ገለጻ ነበሩ፤ ጠቃሚ ቢሆኑም ብዙ የምለው የለኝም። ማጠቃለያው አንድ ነገር አሳይቶኛል፦ ያልገባኝን አንቀጽ ቃላቱን እንዳሉ መቅዳት እችላለሁ፣ ማሳጠር ግን አልችልም።

የመጨረሻውና ትልቁ ሥራ የክርክር ድርሰት ነበር። ርዕሱ፣ በአገራችን እንግሊዝኛ የትምህርት መስጫ ቋንቋ መሆን ያለበት ከስንተኛ ክፍል ጀምሮ ነው የሚል ነበር። መምህራችን አንድ ግዴታ ጨመሩበት፦ አቋማችንን በመጀመሪያው አንቀጽ በግልጽ ማስፈር፣ ከዚያም የተቃዋሚያችንን ከሁሉ የሚበረታ ነጥብ አንሥተን ሳናሳንሰው መመለስ።

ስለ ነገሩ ታሪክ ላይብረሪ ገብቼ ያገኘሁት ራሱን የቻለ ትምህርት ሆነልኝ። እኔ እንግሊዝኛ የትምህርት ቋንቋ የሆነው ከጥንት ጀምሮ ይመስለኝ ነበር። የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1908 ከተከፈተ በኋላ እስከ ጣልያን ወረራ ድረስ በዘመናዊ ትምህርት ቤቶቻችን ጎልቶ የነበረው የውጭ ቋንቋ ፈረንሳይኛ ነው። እንግሊዝኛ ቦታውን የያዘው ከ1933 ዓ.ም. ነጻነት በኋላ፣ እንግሊዞች በአገሪቱ ላይ የነበራቸው ተጽዕኖ ሲበረታ ነው። በ1950ዎቹ አማርኛ የአንደኛ ደረጃ የትምህርት ቋንቋ ሆነ፤ በደርግ ዘመን የመሠረተ ትምህርት ዘመቻው በ15 ቋንቋዎች ተካሄደ፤ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ደግሞ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ፣ የሁለተኛ ደረጃው በእንግሊዝኛ እንዲሆን ደነገገ። ክልሎች ግን ወደ እንግሊዝኛ የሚሸጋገሩበት ክፍል የተለያየ ሆነ። በኦሮሚያና በትግራይ ተማሪው እስከ 8ኛ ክፍል በራሱ ቋንቋ ሲማር፣ በአዲስ አበባ ሽግግሩ ከ7ኛ ክፍል ነበር። እኔም 7ኛ ክፍል ስገባ ሂሳቡና ሳይንሱ ድንገት በእንግሊዝኛ ሆነውብኝ፣ ኅብረተሰብን ግን በአማርኛ ስማር ትዝ ይለኛል።

እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣ፣ በትምህርት ሚኒስቴር ጥያቄ የተደረገ የትምህርት ቋንቋ ጥናትም አገኘሁ። እስከ 8ኛ ክፍል በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው የተማሩ ልጆች በሂሳብና በሳይንስ ትምህርቶች ቀድመው ወደ እንግሊዝኛ ከተሻገሩት የተሻለ ውጤት እንደነበራቸው ይገልጻል። አቋሜ በዚህ ጸና፦ እስከ 8ኛ ክፍል ሁሉም ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ ይሰጥ፣ እንግሊዝኛ ግን እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት በደንብ ይሰጥ። የመጀመሪያውን ረቂቅ በዚህ ላይ ጻፍሁና፣ ከማስገባቴ በፊት ለጅማዋ የዶርም ጓደኛዬ አሳየኋት። እርሷ እስከ 8ኛ ክፍል በአፋን ኦሮሞ የተማረች ልጅ ናትና በደስታ የምትስማማልኝ መስሎኝ ነበር።

አንብባ ስትጨርስ ራሷን ነቀነቀች። «ጥናቱ የሚለው ስለ 8ኛ ክፍል ነው፤ ስለ 9ኛ ክፍል ምንም አላልሽም» አለችኝ። ከዚያም 9ኛ ክፍል የገባች ሰሞን የሆነችውን ነገረችኝ። በ8ኛ ክፍል ከክፍሏ አንደኛ የወጣች ልጅ፣ ባዮሎጂ መጽሐፍ ስትከፍት ስለ ሴል የምታውቀውን ሁሉ እያወቀች አንዱንም ዓረፍተ ነገር መረዳት እንዳልቻለች፣ መምህሩ ሲጠይቁ መልሱን በአፋን ኦሮሞ እያወቀች አንገቷን ትደፋ እንደነበር ነገረችኝ። «አሁን ስለዚህ ነገር አንድ ቃል ሳትይ ይኼን ብታስገቢ፣ እኔን አልጻፍሽም» አለችኝ።

ያን ሌሊት ድርሰቱን አፍርሼ እንደገና ጀመርሁት። ይህ የጓደኛዬ ነገር ነው መምህራችን የጠየቁት የተቃዋሚ ብርቱ ነጥብ፤ ከየትም ቦታ ፈልጌ ልጨምረው የምችለው ማስረጃ ሳይሆን አጠገቤ አልጋ ላይ የምትተኛ ሰው ያሳለፈችው ነው። በሁለተኛው ረቂቅ የእርሷን ገጠመኝ፣ ስሟን ሳልጠቅስ በፈቃዷ፣ ሙሉውን አንድ አንቀጽ ሰጠሁት። ምላሼ ደግሞ ይህ ነበር፦ 9ኛ ክፍል ላይ የገጠማት ገደል የተቆፈረው በአፋን ኦሮሞ በመማሯ አይደለም፤ ለስምንት ዓመት እንግሊዝኛ ስትማር ባዶ ቦታ ስትሞላ እንጂ ስለ ሴል አንድ አንቀጽ ስትጽፍ ስላልኖረች ነው። እኔም ሳይንሱን ከ7ኛ ክፍል ጀምሮ በእንግሊዝኛ ተምሬ ከዚያው ገደል ገብቻለሁ፤ ልዩነቱ እኔ ሁለት ዓመት ቀደም ብዬ መግባቴ ነው። ከዚህ ላይ ስደርስ የድርሰቱ ርዕስ ራሱ እንደተቀየረ ተሰማኝ። ከስንተኛ ክፍል ይጀመር ከሚለው ይልቅ፣ እስከዚያ ክፍል ድረስ ልጆቹ በእንግሊዝኛ ምን ሲያደርጉ ይቆያሉ የሚለው ይበልጥ የሚያስጨንቅ ሆነብኝ። ይህን በመጀመሪያው አንቀጽ ላይ አስፍሬ አስገባሁት።

ጓደኛዬ ሁለተኛውንም አነበበችው። በሙሉ አልተስማማችም፤ የሁለት ዓመት ቅድሚያ ቀላል እንዳልሆነ፣ ቢያንስ ቃላቱን ለጆሮ እንደሚያስለምድ ዛሬም ትከራከረኛለች። እውነቷን ሊሆን ይችላል። እርሷ ራሷ የጻፈችው ድርሰት ከ5ኛ ክፍል ጀምሮ ሳይንስ በሁለት ቋንቋ ጎን ለጎን ይሰጥ የሚል ነበር፤ እኔ ደግሞ መጽሐፉን ማን ያዘጋጃል፣ ሁለቱንም የሚችል መምህር ከየት ይመጣል ብዬ በኅዳጉ ላይ በእርሳስ ጻፍሁባት። የእርሳስ ጥያቄ መጻፍ ከመምህራችን የተማርነው ልማድ ሆኖ፣ ኮርሱ ካለቀ በኋላም በዶርማችን ቀጥሏል፤ የሶዶዋ ልጅ የኢኮኖሚክስ ተርም ፔፐሯን ከማስገባቷ በፊት ለሁለታችን ትሰጠናለች።

ድርሰቴ በመጨረሻ ነጥብ ተሰጥቶት ሲመለስ ከነጥቡ አጠገብ አንድ ጥያቄ ነበረበት፦ «ድሬዳዋ ተወልዶ በቤቱ ሁለት ቋንቋ፣ በሰፈሩ ሦስተኛ ቋንቋ የሚሰማ ልጅ የአፍ መፍቻ ቋንቋው የትኛው ነው? እርሱስ እስከ 8ኛ ክፍል በየትኛው ይማር?» በድሬዳዋ በአፋን ኦሮሞ፣ በሶማሊኛና በአማርኛ የሚያስተምሩ ትምህርት ቤቶች እንዳሉ አውቃለሁ፤ ስለዚህ ወላጆቹ ይምረጡ ማለት ይቻላል። ነገር ግን በአማርኛ ጀምሮ በአራተኛ ክፍል ቤተሰቡ ወደ ሐረርጌ ገጠር ቢዛወር ምን ይሆናል? ሶማሊኛ የምትናገረው እናቱና አፋን ኦሮሞ የሚናገረው አባቱ ባይስማሙስ? ለነጥብ የሚገባ ሦስተኛ ረቂቅ የለም፤ ኮርሱም ተዘግቷል። እኔ ግን ለዚህ ልጅ የሚሆን አንቀጽ ሁለት ጊዜ ጀምሬ አልወደድሁትም፤ ባለፈው ሳምንት ድሬዳዋ ያደገች የዲፓርትመንቴን ልጅ አግኝቼ ጥያቄውን ነግሬአታለሁ፤ ቅዳሜ ላይብረሪ ተገናኝተን የእርሷን እንድትነግረኝ ተቀጣጥረናል።